አምስተኛው ድምፅ

ሀሌታ ሉቱን፣ ያን ጥንታዊ የፈረንጅ የክር መሣሪያ፣ መኪና ውስጥ ትታ መውረድ ፈራች። ወሩ ገና መጋቢት ቢሆንም፣ የላስ ቬጋስ ፀሐይ የተዘጋ መኪና ውስጥ ያገኘችውን ሙጫ ለማቅለጥ ብዙ ጊዜ አይፈጅባትም። ሉቱ ደግሞ የሰው ዕቃ ነበር። ስለዚህ ከነማኅደሩ አቅፋው ወደ ወይዘሮ ብርቱካን የሐበሻ ሱቅ ገባችና ባንኮኒው ላይ በቀስታ አስቀመጠችው።

«ተሰንጥቋል» አለ አንድ ሰው ከጀርባዋ።

ዞር ስትል ሽሮ የሚመዘንለት ረዘም ያለ ወጣት ቆሟል።

«ምኑ?»

«ውስጥ ያለው ነገር። ስታስቀምጪው ሰማሁት። እንጨት ጤነኛ ሲሆን እንዲህ አይልም።»

እውነቱን ነበር። የበረሃው ደረቅ አየር የሉቱን ደረት ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆታል፤ ሀሌታም የሚጠግን ሰው ፍለጋ ሳምንቱን ሙሉ ስትዞር ነው የከረመችው።

ወጣቱ ሰርፀ ይባላል። ከአራት ዓመት በፊት በዲቪ መጥቶ፣ ከከተማው ሰሜን ጫፍ ኤፔክስ ካሉት መጋዘኖች በአንዱ ፎርክሊፍት የሚባለውን የዕቃ ማንሻ መኪና ይነዳል። አዲስ አበባ ሳለ ግን ስድስት ዓመት ጊታርና ክራር የሚጠገንበት ቤት ውስጥ ሠርቷል። ሉት በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ማኅደሩን ከፍታ ስታሳየው፣ እንደ ግማሽ ቅል ያበጠውን ጀርባና ወደ ኋላ የተቀለሰውን አንገት እያየ ብዙ ቆየ። ከዚያ ሦስት ሳምንት እንድትሰጠው ለመናት።

ሰጠችውና ቤቷ ሳትደርስ ተጸጸተች። በማግስቱ ደውላ ሉቱ እንዴት እንደዋለ ጠየቀች። በሦስተኛው ቀንም ደወለች። በሁለተኛው ሳምንት ስለ ሉቱ የሚያወሩት ሁለት ደቂቃ፣ ስለሌላው የሚያወሩት አንድ ሰዓት ሆነ። ሀሌታ እዚሁ ላስ ቬጋስ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች፣ ጣውላን «ታውላ»፣ ሙጫን «ሙቻ» ትላለች፤ እሱ ይስቅባታል። ስትናደድ ጨርሳ ወደ እንግሊዝኛ ትገባለች። ሰርፀ ያኔ ግማሹ ባይገባውም ዝም ብሎ ያዳምጣታል፤ ድምፅዋን መስማት ብቻ ይበቃው ነበር።

ድምፅዋ እንጀራዋም ነው። ስትሪፕ በሚባለው ዋና ጎዳና ላይ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የስልክ ኦፕሬተር ናት፤ በአንድ ሺፍት ሦስት መቶ ሰው ታነጋግራለች። ልቧ ያለው ግን ቅዳሜ ቀን ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሜሪላንድ ፓርክዌይ አጠገብ ባለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ ማያ የምትባል ስድሳ ዓመት ያለፋት ሙዚቀኛ አምስት ዘፋኞችን ሰብስባ ታስጠናለች። ኮሌጅ ሳለች ሀሌታን ያስተማረቻት እሷ ናት፤ ሉቱም የሷ ነው። የሚያጠኑት ከአራትና ከአምስት መቶ ዓመት በፊት፣ በህዳሴው ዘመን፣ በጣሊያን መሳፍንት ቤት ይዘፈን የነበረውን ነው። ዜማው አምስት ድምፅ አለው። እያንዳንዱ የራሱን መንገድ ይሄዳል፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይነሣል፤ አንዱ ከጎደለ ቀዳዳው ይሰማል። ከሁሉም በላይ የሚወጣውን፣ ቀጭኑን አምስተኛ ድምፅ የምትይዘው ሀሌታ ነበረች።

ሰርፀ ሉቱን ጠግኖ ሲያመጣ ልምምድ ላይ ደረሰ። ከሥራ በቀጥታ ስለመጣ የመጋዘኑ ባጅ ደረቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነበር። በሩ አጠገብ ቆሞ ሰማት። ዘፈኑ ሲያልቅ ሌሎቹ ወደ ሉቱ ሄዱ፤ እሱ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም። ሀሌታ አየችው። እሱም አያት። ማናቸውም ቀድመው ዓይናቸውን አልሰበሩም።

በእረፍት ሰዓት ማያ የዚያን ዘመን ሙዚቀኞች ኑሮ ማውራት ትወዳለች። የጌታቸውን ቤት የደንብ ልብስ ለብሰው፣ ከወጥ ቤት ሠራተኛና ከባልደራስ ጋር ተቆጥረው ያድሩ ነበር አለች። ብዙዎቹ ጌታቸው ሳይፈቅድ ከተማውን ለቀው መሄድ አይችሉም ነበር። ለመስፍኑ እንግዶች የዘፈኑ ሴቶችም ነበሩ፤ ቤተ መንግሥቱ በነሱ ዝናው ይወጣ ነበር። ሰርፀ ይህን ሁሉ ሲሰማ ቆይቶ ባጁን ከደረቱ ፈታና ኪሱ ከተተው። ሀሌታ ብቻ ናት ያየችው። ያን ቀን እንደወደደችው ለራሷ አልደበቀችም።

አባቷ ግን አልወደዱትም። አቶ ዓምደሚካኤል በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል ተሰደው የመጡ፣ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ፋናዬ ከስምንት ዓመት በፊት ለቀላል ኦፕራሲዮን ሆስፒታል ገብታ፣ በሦስተኛው ቀን የረጋ ደም ሳንባዋን ዘግቶ ሞተች። ያጠፋ ሰው አልነበረም፤ የሚወቀስም አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ የአቶ ዓምደሚካኤል ፍርሃት ማለቂያ አጣ። ሀሌታ ከሥራ አሥር ደቂቃ ከዘገየች ይደውላሉ። ካሳላት አጠገቧ ተቀምጠው ትንፋሿን ይቆጥራሉ። ሰርፀን አንድ ጊዜ አይተውት፣ በየቀኑ አይ ፊፍቲን አውራ ጎዳና ላይ ከከባድ መኪና ጋር እየተጋፋ ለሚመላለስ ሰው ልጄን አልሰጥም ብለው ፓራዳይዝ ሰፈር ካለው አፓርትማቸው በትሕትና ሸኙት። ሁለቱ ግን መገናኘታቸውን አላቆሙም።

በግንቦት አጋማሽ ሀሌታ ፊቷን ስትታጠብ አንገቷ ላይ ትንሽ እብጠት ዳሰሰች። ምራቋን ስትውጥ እብጠቱም አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሐኪሟ በመርፌ ናሙና ወሰደች። ውጤቱ ሲመጣ፣ የታይሮይድ ዕጢዋ ግማሹ መውጣት እንዳለበት ነገረቻት። ካንሰር ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል፤ ሳይወጣ በእርግጥ ማወቅ አይቻልም። ከዕጢው ጀርባ ደግሞ ድምፅን የሚያንቀሳቅስ፣ እንደ ክር የቀጠነ ነርቭ ያልፋል። አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። አንዳንዴ ግን ይነካል።

ለማንም አልነገረችም። ስልኩን እያነሣች፣ እየሳቀች፣ ሦስት መቶ ሰው እያነጋገረች አንገቷን በነጠላ ሸፍና ዋለች። ዘጠኝ ቀን እንዲህ ሆነች። በአሥረኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ለራሷ ጉዳይ እንዳልሆነ አስመስላ፣ በዚያ ዘመን ድምፅዋ የጠፋባት ዘፋኝ ምን ትሆን እንደነበር ማያን ጠየቀቻት።

ማያ ጥቂት አሰበች። የታደለችው የመስፍኑን ልጆች ታስተምር ነበር አለች። ስለ ብዙዎቹ ግን የሚታወቅ የለም፤ አንድ ዓመት ስማቸው መዝገብ ላይ ይገኛል፣ በሚቀጥለው ዓመት አይገኝም።

ሀሌታ ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ልምምድ አልተመለሰችም። የሰርፀንም ስልክ ማንሣት አቆመች።

ሰርፀ አባቷ የከለከሏት መሰለው። አንድ ሳምንት ታገሠ፣ ሁለት ሳምንት ታገሠ። በሰኔ አጋማሽ አንድ ቀን ከሺፍቱ ወጥቶ በቀጥታ ፓራዳይዝ ሄደና በሩን አንኳኳ። ሊለምናቸው ነበር የመጣው፤ ካስፈለገም ሥራውን ቀይሮ ከተማ ውስጥ ሊገባ ወስኗል። አቶ ዓምደሚካኤል ከፍተውለት በሩን ይዘው ቆሙ። ንግግሩን አስጨረሱትና ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁት፦

«ምን አድርገሃት ነው እህል የማትቀምሰው?»

«እኔ?» አለ ሰርፀ። «እኔ እርስዎ የከለከሏት መስሎኝ ነው የመጣሁት፣ ጋሼ።»

ሁለቱ ሰዎች ተያዩ። ያኔ ነው ነገሩ ከሁለታቸውም ውጭ መሆኑ የገባቸው። አቶ ዓምደሚካኤል ፊታቸው አመድ መስሎ ወደ ውስጥ አስገቡት። ቴሌቪዥኑን አጠፉ። ሀሌታ እስክትመጣ አንድ ሰዓት ያህል፣ በሩን እያዩ ተቀመጡ።

ስትገባ ሁለቱን ጎን ለጎን አየቻቸው። መዋሸት ፈልጋ ነበር፤ አልቻለችም። ነጠላውን ከአንገቷ ገለጠችና ሁሉንም ነገረቻቸው።

አቶ ዓምደሚካኤል ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ቢላ አይነካሽም አሏት። ጸበል አለ፣ ሌላ ሐኪም አለ፣ ሌላ ከተማ አለ፤ ቢላ ግን አይነካሽም።   ሀሌታ ሰርፀን ለመሸኘት አብራው ወረደች።

ፓርክ ያደረገበት ደርሰው መኪናውን ተደግፈው ቆሙ። አስፋልቱ የቀኑን ሙቀት ገና አልለቀቀም።

«ሞቱን ነው የምትፈሪው?» አላት።

«ሞቱንማ አባዬ ይፈራልኛል» አለች። «እኔ የምፈራው ድምፁን ነው። ስነቃ ሌላ ሰው ሆኜ ብነቃስ?»

 አይዞሽ ማለት ቀላል ነበር፤ ግን አላላትም።

«እኔም ፈርቻለሁ» አለ ሰርፀ። «ፈርቼም ቢሆን እዚያ እገኛለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሐኪሟ ደውላ ቀን ያዘች።

ቀኑ በሐምሌ ሁለተኛ ሳምንት ዋለ። ሰርፀ ኦቨርታይም ገብቶ ባጠራቀመው ፈቃድ ከሥራ ቀርቶ ከጠዋቱ ጀምሮ ሆስፒታል ተገኘ። ሁለት ሰዓት ይፈጃል ተብሎ ነበር። ሦስተኛው ሰዓት ሲጀምር አቶ ዓምደሚካኤል ውኃ ላምጣ ብለው ወጡ፤ ሳይመለሱ ቀሩ። ሰርፀ ኮሪደሩን ፈለገ፣ ካፍቴሪያውን ፈለገ። በመጨረሻ ከሆስፒታሉ ጎን ያለው የመኪና ማቆሚያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መኪናቸው ውስጥ አገኛቸው። ሞተሩ ጠፍቷል። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። ውጪው መቶ አሥር ዲግሪ ፋራናይት ነበር።

በሩን ከፍቶ አጠገባቸው ገባ። ቁልፉን ከእጃቸው ወስዶ ሞተሩን አስነሣ፣ ኤሲውን እስከ መጨረሻው ከፈተ። ሸሚዛቸው ከገላቸው ጋር ተጣብቋል። 

«ፋናዬ ፈርታ ነበር» አሉ። «ይቅርብኝ አለች። ቀላል ነው፣ ፈርሚ ያልኳት እኔ ነኝ።»

ሰርፀ የኤሲውን አየር ወደሳቸው አዞረ።

«ለሀሌታ ነግሬያት አላውቅም። ለማንም።»

እጃቸውን ያዘ።  ያኔ የሳቸው ስልክ ጠራ፤ የሆስፒታሉ ቁጥር ነበር። አቶ ዓምደሚካኤል ስልኩን አዩት እንጂ አላነሡትም። ሁለቴ ጠራ፣ ሦስቴ ጠራ።  በአራተኛው ጥሪ እሱ አነሣው።

ሀሌታ ነቅታለች።

ከሳምንት በኋላ ውጤቱ መጣ። ካንሰር ነበር፤ ግን ገና ትንሽ ስለነበረ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። አቶ ዓምደሚካኤል ይህን ሲሰሙ መሬት ተንበርክከው አለቀሱ። ነርቩ ግን ተጎድቶ ነበር። አልተቆረጠም፤ ተጨፍልቋል። በስድስት ወር ሊያገግም ይችላል፣ ላያገግምም ይችላል ተባለ። ቢያገግምም ድምፁ እንደቀድሞው ይሆናል ብሎ ማንም ቃል አይገባም። ከሀሌታ አፍ የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

ሆቴሉ ስልክ ወደማይነሣበት ክፍል አዛወራት። ቤት ስትሆን በስልኳ እየጻፈች ታሳያለች። ሰርፀ በየቀኑ ይመጣ ነበር። በነሐሴ መጀመሪያ አንድ ቀን፣ ብዙ ጽፋ፣ ብዙ አጥፍታ፣ በመጨረሻ አንድ መስመር አሳየችው። «የወደድከው ድምፄን ነው» ይላል።

ሰርፀ ውሸታም ሰው አልነበረም። ድምፅዋን በስልክ ለመስማት የጠበቃቸውን ቀናት አሰበ፤ በሩ አጠገብ ቆሞ የሰማትን ቀን አሰበ።

«አዎ» አለ። «እሱንም።»

ሌላም ሊጨምር ነበር፤ ቃሉ ግን ዘገየበት። ሀሌታ አልጠበቀችውም። ተነሥታ እንዲወጣ በሩን ከፈተችለት። አልተቆጣችም፤ ፊቷ ላይ የነበረው ፍርሃት ብቻ ነው። እንዳይመጣ ጻፈችለት፣ ሲመጣም አልከፈተችለትም። አቶ ዓምደሚካኤል ናቸው በሩን ገርበብ አድርገው «ዛሬም አልሆነም፣ ልጄ» የሚሉት።

መስከረም እንዲህ አለፈ። ጥቅምትም አለፈ። ሀሌታ ጠዋት ስትነሣ አንድ ቃል ብቻ በዝግታ ትሞክራለች፤ የራሷን ስም። በኅዳር ትንፋሹ መሐል አንድ ሻካራ ነገር መጣ፤ ወፍራም፣ ዝቅ ያለ፣ የሌላ ሴት የሚመስል። ደነገጠች። አባቷ እንዳይሰሟት ውኃውን ከፍታ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ብቻ ትሞክረው ጀመር። ከሰው ጋር ስትሆን አሁንም በሹክሹክታ ነበር የምትናገረው።

በዚያው ጊዜ ማያ ሥራ ላይ ነበረች። አራት ዘፋኝ ብቻ ቀርቷታል፤ በታኅሣሥ ደግሞ ለሕዝብ የሚቀርብ ዝግጅት አላቸው። በሀሌታ ቦታ ሌላ ሰው አላስገባችም። በዚያ ዘመን አንድ ድምፅ ሲጎድል ለመሣሪያ ይሰጥ ነበር፤ የሀሌታንም ድምፅ ለሉቱ ሰጠችው። ለመጫወት የለመነው ሰርፀ ነው። መጠገን እንጂ መጫወት በደንብ አይችልም ነበር። አራት ወር ሙሉ፣ ከሺፍት መልስ፣ በፎርክሊፍት የደነዘዙ ጣቶቹን ይዞ የሀሌታን ዜማ ኖታ በኖታ ተማረ። ለሷ ግን አልነገራትም።

ዝግጅቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሀሌታ መሄድ አልፈለገችም፤ አባቷ ማያን ማሳፈር ነውር ነው ብለው ወሰዷት። ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። አራቱ ዘፋኞች ወጡ። ከኋላቸው ሰርፀ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ፣ ሉቱን ታቅፎ ወጣ።  እሱም አያት፤ ያየችው ፊት የፈራ ሰው ፊት ነበር። 

የመጀመሪያውን ዘፈን ተወጣው። ሁለተኛውንም፣ ሁለት ቦታ ተሳስቶ፣ ተወጣው። ሦስተኛው ሀሌታ ከሁሉም የምትወደው ነበር። መሐል ላይ አራቱም ድምፆች ዝቅ ብለው አምስተኛውን የሚጠብቁበት ቦታ አለ። ቦታው ደረሰ። ሉቱ ዝም አለ።

ሰርፀ መንገዱ ጠፍቶበታል። ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ይሮጣል፣ እጁ አየር ላይ ቀርቷል። ዘፋኞቹ ያንኑ ደገሙት። ማያ እንደገና በእጇ አመለከተችው፤ አላያትም። ቀዳዳው እየሰፋ ሄደ። ከኋላ ያለ ሰው ወንበሩን አንቋቋ።

ሀሌታ አላሰበችም። ብታስብ ኖሮ አታደርገውም ነበር። ለእሱ የፈራችው ፍርሃት ለራሷ ከፈራችው በለጠና አፏን ከፈተች። ዜማው ወጣ፤ ከቀድሞው በጣም ዝቅ ብሎ፣ ሻካራ፣ መሐሉ የተሰነጠቀ። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ተቆረጠ። ትንፋሽ ወስዳ እንደገና ያዘችው።

ሰርፀ ቀና አለ። ሦስት ቃል ያህል ካዳመጣት በኋላ ጣቶቹ ቦታቸውን አገኙ። ከላይ ሉቱ፣ ከታች እሷ፣ ዘፈኑን አብረው ጨረሱት። አቶ ዓምደሚካኤል ልጃቸውን ለማየት አንገታቸውን አላዞሩም። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ወደፊት ብቻ ያዩ ነበር።

ሰዉ ሲበተን ሰርፀ ሀሌታን ከአዳራሹ ጀርባ ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ አገኛት። 

«አመመሽ?» አላት።

አላመመኝም በሚል ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በወፍራሙ ድምፅ ተናገረች፤ በዚህ ድምፅ እሱን ስታናግር የመጀመሪያዋ ነበር።

«የድሮው አይመለስም፣ ሰርፀ። ሐኪሞቹ ቼክ አድርገውታል። ያለችው ይህቺ ናት፤ እኔም ገና አላውቃትም።»

«እኔም አላውቃትም» አለ። «አስተዋውቂኛ።»

ሀሌታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከነሐሴ ወዲህ ዓይኗን ሳታሸሽ ያየችው ሰው አልነበረም። ከዚያ ግንባሯን ደረቱ ላይ አሳረፈች፤ እሱም ሉቱን በአንድ እጁ እንደያዘ በሌላው አቀፋት።

ሽማግሌዎች በየካቲት መጡ። መሪያቸው አቶ አስማማው ነበሩ፤ አቶ ዓምደሚካኤል ታክሲ ሲነዱ የሚያውቋቸው ሰው። እንደ ወጉ ቆመው፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለው፣ ተቀመጡ ሲባሉ እሺ የሚለውን ሳንሰማ አንቀመጥም አሉ። እንደ ወጉ ከሆነ አባት ቀጠሮ ሰጥቶ፣ ዘመድ አማክሮ ይመልሳል። አቶ ዓምደሚካኤል ግን ቀጠሮ አልሰጡም። ሁሉንም በየተራ አዩ፤ ሰርፀ ውጪ መኪና ውስጥ እንደሚጠብቅ ያውቃሉ።

«እፈራለሁ» አሉ። «አልደብቃችሁም፤ ነገም እፈራለሁ። መልሱ ግን የኔ አይደለም። ልጅቱ እዚህ አለች፣ እሷን ጠይቋት።»

ሽማግሌዎቹ ግራ ተጋብተው ተያዩ። አቶ አስማማው ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ጓዳው ዞሩና ጥያቄውን ደገሙት።

ሀሌታ በሩ ላይ ወጣች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር፤ አንገቷ ላይ ያለው ጠባሳ ለሁሉም ይታያል።

«እሺ» አለች።

አላንሾካሾከችም። ሻካራው ድምፅ ሳሎኑን አልፎ፣ የተከፈተውን መስኮት አልፎ፣ ታች ፓርክ ከተደረገው መኪና ደረሰ። ሰርፀ የመኪናውን በር ከፍቶ ወጣ።